የአባቴ ግራ ዓይን

ባለፈው ሳምንት ከተማ ውስጥ፣ ሴቻ ሰፈር ባለ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሐኪሟ «ከቤተሰብዎ ግላኮማ ያለበት ሰው ነበር?» ስትለኝ፣ የሰጠችኝን የጠብታ ብልቃጥ እያገላበጥኩ፣ አገልግሎቱ የሚያበቃበትን ቀን አነብ ነበር። መጠርጠር በቤታችን የቆየ ነው፤ አባቴ ደግሞ የሁላችንም አለቃ ነበር።

ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሙዝ በጫነ አይሱዙ ከመንደራችን ከጫኖ ወደ ከተማ ሄድን። አባቴ መነጽር ሊገዛ ነበር። ሐኪሙ ግን ዓይኑን ለክቶ፣ ግላኮማ ስለሆነ ጠብታ ዕድሜ ልኩን በየቀኑ እንዲጨምር ነገረው።

«ሳያመኝ?» አለ አባቴ።

«አያምም። ተንኮሉ እሱ ነው።»

«ከዚያ አጥርቼ አያለሁ?»

«አይ፤ ያለዎት እንዳይጠፋ ነው።»

አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። የማያም በሽታ፣ የማያሻሽል መድኃኒት፣ ማለቂያ የሌለው ቀጠሮ! እኔም ሰውየው ያታልለናል ብዬ ጠረጠርኩ። ስንመለስ መኪናው ጭቃ ይዞት ቆመ፤ ሙዝ እየላጥን ሐኪሙን ስናማ ዋልን።

አባቴ አዲስ ማዳበሪያ ሲመጣ ለአንድ መስመር ሙዝ ብቻ ይሰጥና ሌላውን ይተወው ነበር። ማንም ባለሙያ በአፉ አያሳምነውም። ታዲያ «አባ፣ ለሙዙ እንደምታደርገው አድርግ፤ ቀኙ ላይ ብቻ እንጨምር» ያልኩት እኔ ነኝ። በጣም ደስ አለው። ለጎረቤት ሳይቀር «ልጄ ተምሯል» አለ።

ጠብታውን የምጨምርለትም እኔ ነበርኩ። ከፋርማሲ እየገዛን ቀጠሮውን ግን ተውነው። በየወሩ አንዱን ዓይኑን በመዳፉ እየሸፈነ የአባያን ሐይቅ ያያል። «ልዩነት የለውም፤ አላልኩህም?» ይለኛል። እኔም እስቃለሁ።

ሁለተኛው የማንጎ ወቅት ላይ ቀኝ ዓይኑን ሸፍኖ ብዙ ቆመ።

«ሐይቁ ምነው እንዲህ ጠበበ?» አለ።

ለካ በሽታው ከዳር ከዳር ሲበላው ኖሯል፤ እኛ መሀሉን ብቻ ስንፈትን አላወቅንም። ሐኪሙ ቀኙ ደህና መሆኑን፣ ከግራው የጠፋው ግን እንደማይመለስ ነገረን። በመንገድ አባቴ «እንግዲህ አወቅን» አለ። «ያልሰጠነው መስመር ደረቀ።» አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሐኪሟ «አባቴ» አልኳት፤ ሌላውን አልነገርኳትም። ቤት ስገባ ልጄ ብልቃጡን ከፍታ መጣች።

«አባዬ፣ የትኛው ዓይንህ ላይ ነው?»

ጥርጣሬዬ እንዳለ ነው፤ ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፣ እኔንም ምንም አያመኝም። ግን ወንበሩ ላይ ቀና አልኩ።

«ሁለቱም ላይ» አልኳት። «መጀመሪያ ግራው ላይ።»