ከኮቱ ጀርባ ላይ የነበረው እንስሳ

አክስቴ በየማለዳው፣ መቀሷን ከማንሳቷ በፊት፣ የሳሙና ቁራጭ በምላጭ ትስላለች። ቤት ውስጥ ታጥበንበት ያለቀ፣ እንደ ቅጠል የሳሳ ሳሙና ነው። ጠርዙን ሁለት ጊዜ ትፍቀዋለች፣ እፍ ትልበታለች፣ ከዚያ ሽርጧ ላይ አንድ መስመር አስምራ ትሞክረዋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ መስመር መስመር ብቻ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ጆሮ አብቅሏል።

አክስቴ ጨርቅ ቆራጭ ናት። ልብስ ስፌት ቤቱ የታላቅ ወንድሟ፣ የአባቴ ነው። እሷ ትለካለች፣ ጨርቁ ላይ በሳሙናው ታሰምራለች፣ ትቆርጣለች፤ እሱ ይሰፋል፣ ይተኩሳል። ክፍሉ በጣም ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ሆዱን መሳብ አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚስበው አባቴ ነው፤ ሆድ ያለው እሱ ነውና።

ነገሩ የተጀመረው ዝናብ ሲያወርደው በዋለበት አንድ ቀን፣ መብራት ጠፍቶ መኪኖቹ በቆሙበት ሰዓት ነው። እኔ ቁልፍ ልተክልላቸው መጥቼ ተቀምጫለሁ። አክስቴ እጇን የምታሳርፍበት አጥታ ጠረጴዛውን ሦስተኛ ጊዜ ወለወለችው።

«አንቺ የተማርሽው፣ ድመት መሳል ትችያለሽ?» አለችኝ በድንገት።

«ማንም ይችላል እኮ። አንድ ክብ፣ ሁለት ጆሮ፣ ስድስት ጢም።»

«እኔ ማንም አይደለሁም» አለች። ሳሙናዋን ግን ይዛ መጣች።

ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ዘርግታ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ብቅ አድርጋ፣ የሙሽራ ቀሚስ እንደምትቆርጥ ተጠንቅቃ ሣለች። አባቴ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ድንች ነው?»

«ድመት ናት፣ ጋሼ።»

«ጢም ያለው ድንች ገና ዛሬ አየሁ።»

አክስቴ ሳቀች። ሳቅ ስላችሁ ፈገግታ አይደለም። ጠረጴዛውን ይዛ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች፣ «ጢም ያለው ድንች» እያለች ደጋግማ ሳቀች። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ሳውቃት እንዲህ ስትሆን አይቼ አላውቅም። ለምንም የማይጠቅም ነገር እጇን አንቀሳቅሳ የማታውቅ ሴት ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁራጭ ጨርቅ ሁሉ ድመት ሆነ።

ውሻው ግን አስቸገራት። ውሻ ትፈራለቻ! ቡችላ እንኳ ካየች መንገድ ተሻግራ ነው የምትሄደው።

«ጆሮውን እንዴት ነው የሚያደርገው?» ትለኛለች።

«አንዳንዱ ወደ ታች ይጥለዋል። ጠጋ ብለሽ እይዋ።»

«ጠጋ በይ ትለኛለች! ገና በወጣትነቴ ልትቀብረኝ!»

ድመትም ቢሆን በበሩ አታስገባም፤ የድመት ፀጉር ጥቁር ሱፍ ላይ ከተጣበቀ በብሩሽም አይለቅም። እንዲህ በአካል የማትቀርባቸውን ሁለት እንስሳት ነው ቀኑን ሙሉ ስትሥል የምትውለው። ድመቶቿ ውሻ ይመስላሉ፣ ውሾቿ ድመት ይመስላሉ፣ ሁለቱም አልፎ አልፎ አባቴን ይመስላሉ።

ብዙ ሳይቆይ ሰበብም አገኘችለት። አንዳንድ ጨርቅ ፊቱና ጀርባው አንድ ነው፤ ስለዚህ ቆራጭ በውስጠኛው በኩል በሳሙና የመስቀል ምልክት አድርጋ ለሰፊው ትሰጠዋለች። ሰፊው ምልክቱን ወደ ውስጥ ያደርገዋል፣ ገበሩ ይሸፍነዋል። አክስቴ በመስቀሉ ፋንታ ድመትና ውሻ ማድረግ ጀመረች። ስንት የተከበረ ሰው ገበሩ ስር ጢማም ተሸክሞ ይሄድ እንደነበር የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን።

እንዲህ ሆነን ሳለ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ እያንዳንዱን ቃል አጥፈው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። የስድስት መቶ ተማሪ የደንብ ልብስ የሚያሰፉበት ቤት ይፈልጋሉ።

«መጀመሪያ ለእኔ አንድ ኮት ስፉልኝ» አሉ። «ካማረልኝ የልጆቹ ልብስ የእናንተ ነው።»

አባቴ ያንን ሥራ ለዓመታት ሲመኘው ኖሯል። ዳይሬክተሩ እንደወጡ ወደ እህቱ ዞረ።

«እባክሽ፣ በሞቴ፣ ይሄን አንዱን እንኳ ያለ ከብት ቁረጪልኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

እሺ ያለችው ከልቧ ነበር። ጥቁር ሰማያዊውን ሱፍ ቆረጠች፣ በውስጠኛው በኩል እንደታዘዘችው መስቀል አደረገች። እጇ ግን አልጠገበም። የጀርባውን ጨርቅ ገለበጠችና፣ «አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» ብላ፣ በማይሳልበት በውጪው ፊት ላይ አንዱን ሞነጫጨረች። በዚህ መሀል አባቴ «ጨርቁን፣ ፍጠኚ!» ብሎ ጮኸባት፣ አጣጥፋ ሰጠችው፣ ረሳችው።

አባቴ መስቀሉን አየ፣ ወደ ውስጥ አደረገ፣ ሰፋ። የሳሙና መስመር የካውያ እንፋሎት ሲያገኘው ይጠፋል። በማስረከቢያው ጠዋት የኮቱን ደረትና እጅጌ ተኩሶ ጀርባው ላይ ሊደርስ ሲል መብራት ድርግም አለ። ወዲያው ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሙ።

«ይሁን፣ ጀርባውን ማን ያየዋል?» አለ አባቴ በሹክሹክታ።

ዳይሬክተሩ ለበሱ። ከፊት ለፊት ያለው መስተዋት ደረታቸውን አሳያቸው፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ «ለሰልፉ እደርሳለሁ» ብለው ወጡ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ሸኘቻቸው። መንገዱን ሲሻገሩ ፀሐይ ጀርባቸው ላይ አረፈች። በዚያ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሀል፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል እንስሳ ነጭ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

«ጋሼ» አለች ሳትዞር።

«ምን ሆንሽ?»

«ጀርባውን ማን ያየዋል አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ስድስት መቶ ተማሪ።»

አባቴ ሮጦ ወጣ። ዳይሬክተሩ ግን ታክሲ ውስጥ ገብተዋል። ባዶ እጁን ተመለሰ። «ያለ ከብት ብዬሽ ነበር» አለ፤ አክስቴም፣ «ተኩሰህ ብትጨርስ ኖሮስ?» አለችው። ሳሙናዎቿን ሰብስባ ለእኔ ሰጠችኝ። «ውሰጂልኝ፣ እጅ ታጠቢበት» አለች። ሥራው ከሄደ ዳግም እንደማትሥል ገባኝ። አንጀቴን በላችው።

በዘጠኝ ሰዓት ዳይሬክተሩ ኮቱን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ። እኛ ሦስታችንም ብድግ አልን።

«ዳይሬክተር ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አሉ። «ተማሪ ፊቴ ቆሞ ስቆ አያውቅም። ዛሬ ሰልፍ ላይ ፊቴን ሳዞር ዝም፣ ጀርባዬን ስሰጥ ሳቅ። ፊቴን ሳዞር ዝም፣ ጀርባዬን ስሰጥ ሳቅ! አብጄ ይሆን ብዬ ሰጋሁ።»

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ…» ብሎ ጀመረ አባቴ።

«ይቆዩኝማ። ይባስ ብሎ አራተኛ ክፍል ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ድመት ነው ይላል፣ ግማሹ ውሻ ነው ይላል። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው! የሒሳብ መምህርቷ ራሷ ከድመቶቹ ጋር ወገነች። ምን ላድርግ? ኮቴን አውልቄ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰቀልኩትና እየጠቆምኩ አስረዳኋቸው።» ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በረጅሙ ጣታቸው ነኩት። «ይሄ ምንድን ነው? ምላስ። ድመት ምላሷን አንጠልጥላ ትቀመጣለች? አትቀመጥም። ስለዚህ ውሻ ነው። የሠራውን ሰው ጠይቄ ነገ ሰልፍ ላይ ውጤቱን እነግራችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ማነው የሣለው?»

አክስቴ እጇን እንደ ተማሪ አወጣች።

«እርስዎ ነዎት? እሺ፣ ይንገሩኝ። ውሻ ነው አይደለም?»

አባቴ ከጠረጴዛው ስር እግሯን ረገጣት። ማንን ሊያድን እንደሆነ አላወቅኩም። አክስቴ እንስሳውን አየችው፣ ዳይሬክተሩን አየቻቸው፣ ሳቋ እየተናነቃት ጉንጮቿ ተነፉ።

«ውሻ ነው» አለች።

«ብያለሁ!» ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን መቱት፣ ከዚያ ሳቁ። እንደ ንግግራቸው የታጠፈ ሳቅ አልነበረም፤ ተዘርግቶ የሚሰማ ነበር። «መምህርቷን አሁን አገኛታለሁ። ኮቱን ይተኩሱልኝ፣ ስፌቱስ አንድም እንከን አላገኘሁበትም። ሰኞ መጥታችሁ የልጆቹን ልኬት ውሰዱ። ብቻ እባካችሁ፣ የልጆቹ ልብስ ላይ ምንም እንዳይኖር። ከአሁን በኋላ አንድም ክፍል መዳኘት አልችልም።»

በሩ ሲዘጋ አባቴ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። አክስቴ ጠረጴዛውን ይዛ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ወዲያው እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ሳሙናዬን!»

ይህን ጽፌ ሳነብላት ደስ አላት። ውሻ መፍራቷም፣ የአባቴ ሆድም ይግባ አለች። «አንዲቷን ነገር ብቻ አውጪልኝ፣ የኔ እናት» አለችኝ። «ሰውየው ለስድስት መቶ ልጅ ተናግረዋል እኮ፤ አላሳፍራቸውም።»

አክስቴ፣ ይቅር በይኝ። ድመት ነበረች። ምላስ የተባለው አባቴ «ፍጠኚ!» ብሎ ሲጮህባት ያመለጣት መስመር ነው።