መዳፍ ያልነካው ጎን

ሰውየው ሌላ ስም አለው፤ ነገር ግን ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። በሰፈሩም በጋራዡም ጋሽ መዳፍ ነው። ሥራው ባትላሜራ ነው፤ ተጋጭቶ የተጨማደደ መኪና ተቀብሎ፣ ቀጥቅጦና በይዶ፣ ቆዳውን አቃንቶ ይመልሳል። ቀጥቅጦ ሲጨርስ ታዲያ ዓይኑን ጨፍኖ ቀኝ መዳፉን በላሜራው ላይ ቀስ አድርጎ ያንሸራትታል። ዓይን ያላየውን እብጠት፣ መብራት ያላወጣውን ስርጉድ ያ መዳፍ ያገኘዋል። «እዚህ ጋ» ይላል፤ መዶሻውን አንስቶ ኳ ኳ ያደርጋል፤ እንደገና ይዳስሳል። «እዚህ ጋ» ሳይባል ከዚያ ጋራዥ የወጣ መኪና የለም። ደንበኛው «ይበቃል ጋሽ መዳፍ፣ አምሯል» ቢል ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

የዚያች ቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ጎዶሎ ናት፤ ግማሿን በጎረምሳነቱ የጭነት መኪና በር በልቶበታል። እሱ ግን «የቀረችው ግማሽ የሁለቱን ሥራ ትሠራለች» እያለ ይኩራራል። መኩራራቱስ ያምርበታል፤ እውነቱን ነውና።

ከዚህ መዳፍ ጋር ዕድሜ ልኩን የተጣላ ሰው ቢኖር ቀለም ቀቢው ነው። ጋራዡን አብሮት የከፈተ፣ አብሮት ያረጀ፣ ከገዛ ሚስቱ ይልቅ ከእሱ ጋር ብዙ የተነታረከ ባልንጀራው ነው። ቀለም ቀቢው መኪናውን አጥቦ፣ በቲነር ወልውሎ፣ መርጫውን ሊያነሳ ሲል መዳፍ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይልና «ለምርቃት አንድ ጊዜ» ብሎ ከፊት እስከ ኋላ ይዳስሰዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህን አንሳ። የእጅህ ወዝ ቀለሜን ያበላሸዋል ስልህ አይገባህም?»

«የእኔ እጅ ካንተ ጨርቅ ይጸዳል።»

ቀለም ቀቢው እያጉረመረመ እንደገና ይወለውላል። በዚሁ ጭቅጭቅ የሁለቱም ፀጉር ሸበተ።

መዳፍ የራሱ ልጅ የለውም። የእህቱ ልጅ ግን አለች፤ ሚጢጢ ይሏታል። ስሙ በሕፃንነቷ ወጥቶ ቀረ እንጂ ዛሬ የጋራዡን ትንሽ በር ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ጎማ ላይ ጥላ አጎቷ ሲቀጠቅጥ እያየች ነው ያደገችው። ስታድግ መቀጥቀጡን ትታ መንዳቱን ወደደች። ሐሳቧ ሁሉ ከከተማው ጀርባ ባለው ዳገት ላይ በየዓመቱ የሚደረገውን የመኪና ውድድር ማሸነፍ ነበር። ለዚህ ብላ አንዲት ዝቅ ያለች፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ፣ አሮጌ ቢጫ የስፖርት መኪና ገዛች። ውድድሩ ሲቃረብ ልምምድ ላይ ጭቃ አንሸራተታትና የመኪናዋን የግራ ጎን ከድንጋይ አጥር ጋር አላተመችው። እሷን ጭረት እንኳ አልነካትም። የኋላ ፓራፋንጎዋ፣ ጎማውን የሚሸፍነው የመኪናዋ ጎን፣ ግን እንደ ሸክላ ተሰባበረ።

አዎ፣ ተሰባበረ እንጂ አልተጨማደደም። የዚያች መኪና ቆዳ ብረት አይደለም፤ ፋይበር ነው። አይቀጠቀጥም፣ አይበየድም። አዲሱ ከፋብሪካ ይመጣል፣ ከብረት አጥንቷ ጋር በሙጫ ይጣበቃል፣ በቃ።

«በሙጫ?» አለ መዳፍ። «ጫማ ናት እንዴ?»

«ጫማም ትሁን፣ ካንተ እጅ ሌላ ማንም አይነካትም፣ አጎቴ» አለች ሚጢጢ።

ይህን ከተባለ በኋላ እንዴት እንቢ ይላል? ፓራፋንጎውና ሙጫው በአንድ ካርቶን መጡ። ሚጢጢ አብሮ የመጣውን መመሪያ ጮክ ብላ አነበበችለት። የሚጣበቁት ፊቶች በብርጭቆ ወረቀት ይሻከሩ፣ በአልኮል ይወልወሉ፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ እንዳይነኩ ይላል። መዳፍ ከት ብሎ ሳቀ።

«ይሄ እጅ የባትሪ አሲድ ያልጣለው ነው። ሙጫ ምን ያደርገዋል?»

ማስጠንቀቂያው ለእጁ ታዝኖ የተጻፈ መስሎታል። እናም እንደታዘዘው አሻከረ፣ ወለወለ። ቀጥሎ፣ ማንም ሳያየው፣ እሱ ራሱም ልብ ሳይለው፣ ዓይኑን ጨፈነና ሰፊውን ጠርዝ ለምርቃት አንድ ጊዜ ዳሰሰ፤ መዳፉንም መሀሉ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ሙጫውን በጠርዙ ዙሪያ አስኬደ፣ ፓራፋንጎውን ገጠመ፣ በመቆንጠጫ ጠፍሮ አሳደረው።

በማግስቱ ከከተማው ውጪ ወዳለው ቀጥ ያለ መንገድ ወጡ። መዳፍና ቀለም ቀቢው ዳር ቆሙ፣ ሚጢጢ ነዳች። ስትሄድ ደህና ነበረች። ስትመለስ ፍጥነት ጨመረች፤ ያኔ ፓራፋንጎው መርገብገብ ጀመረ። ከዚያ ከነአካቴው ተገንጥሎ ቦይ ውስጥ ገባ። መኪናዋ ግራ ቀኝ ዋዠቀችና አቧራ አንስታ ቆመች። መዳፍ ወደ እሷ ሮጠ። ከአቧራው ውስጥ ሚጢጢ በእግሯ ስትወጣ እስኪያይ ድረስ መተንፈሱንም እንጃ።

«ደህና ነኝ፣ አጎቴ» አለችው። ፊቷ ግን አመድ መስሎ ነበር።

እናትየዋ ወሬው ሲደርሳት ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ ጋራዥ መጣች። ምላሷ ምላጭ ነው፤ ያን ቀን ግን አልጮኸችም፤ ለመዳፍ ይሄ ከጩኸት የባሰ ነበር።

«ወንድሜ ነህ፣ እወድሃለሁ። ልጄ ግን አንተ በለጠፍከው ነገር ሄዳ ብትቀር ደጄን እንዳትረግጥ።»

ሚጢጢ ደግሞ መሬት መሬት እያየች፣ «አጎቴ፣ ሌላ ጋራዥ ልውሰዳት ይሆን?» አለች።

ይህቺኛዋ ናት ቅስሙን የሰበረችው። ከልጅነቷ ጀምሮ እጁን አምና ያደገች ልጅ ዓይኑን ማየት አፍራለች። ከዚህ በኋላ መኪናዋ ብትድን ባትድን ለእሱ ትርጉም አልነበረውም፤ ይህቺ ልጅ እጁን እንደገና ካላመነች መዶሻውን ሰቅሎ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል። አሮጌ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

ቀለም ቀቢው በበኩሉ የተገነጠለውን ፓራፋንጎ ከቦዩ አምጥቶ በጀርባው ገለበጠው። ትንሽ አየ። መነጽሩን አወጣና እንደገና አየ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። በዚያ ቀን መሳቅ ነውር መሆኑን ያውቃል፤ ግን አልቻለም።

«ና እስቲ። ይቺን እጅ ታውቃታለህ?»

በፓራፋንጎው ሰፊ ጠርዝ ላይ ሙጫው አንዳንድ ቦታ ነክሶ ይዟል፤ ግራጫ ቅሪቱ አለ። መሀል ላይ ግን ሙጫ ያልጨበጠው ባዶ ቦታ አለ። ቅርጹ መዳፍ ነው። መዳፍ፣ ከአራት ጣት ተኩል ጋር።

መዳፍ ቀኝ እጁን አንስቶ ከምልክቱ አጠገብ ያዘ። መካድ አይቻልም፤ በዚያ ከተማ ያቺን ግማሽ ጣት የሚጋራው ሰው የለም።

«ወዝ» አለ ቀለም ቀቢው። «ዕድሜዬን ሙሉ የለፈለፍኩት ወዝ። ቀለም ይታገስሃል፣ ሙጫ ግን አይታገስህም።»

መዳፍ አፈረ። ወዲያው ግን ከሐፍረቱ ሥር አንድ ቀለል የሚል ነገር ተሰማው። ጥፋቱ የሙጫው ቢሆን ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። የእጁ ከሆነ ግን ይችላል።

እህቱንና ሚጢጢን አስጠራ። ከተሰበረው አሮጌ ፓራፋንጎ ሁለት ቁራጭ ቆረጠ። ሁለቱንም አሻከረ፣ ወለወለ። አንዱን እነሱ እያዩ በመዳፉ ዳሰሰ፤ ሌላውን አልነካውም። ሁለቱንም ብረት ላይ አጣበቀና አሳደራቸው። ሲነጋ የተዳሰሰውን እህቱ በእጇ ስትጎትተው ላጥ ብሎ መጣ። ያልተነካውን በሞተር ማንሻው ሰንሰለት አሥረው አንድ ያረጀ ሞተር አንጠለጠሉበት። ሞተሩ ከመሬት ተነስቶ ተንጠልጥሎ ቀረ። ደግሞ ሌላ ብረት ጨመሩበት። በመጨረሻ ፋይበሩ መሀሉ ላይ ተቀደደ፤ ሙጫው ግን ብረቱን እንደነከሰ ቀረ።

ሚጢጢ የተቀደደውን ቁራጭ አገላብጣ አየችው። ከዚያ አጎቷን ቀና ብላ አየችው፣ በቀጥታ፣ ዓይን ለዓይን።

«እንሥራው» አለች።

«እሺ» አለች እናቷ። «እኔ ግን እዚሁ ቁጭ ብዬ እጁን እጠብቃለሁ።»

እንዳለችውም ጎማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። አዲስ ፓራፋንጎ መጣ። መዳፍ ጓንት አደረገ፤ ቀለም ቀቢው በላዩ ሌላ ጓንት ደረበለት። እጁ በለመደው ወደ ጠርዙ ሸርተት ባለ ቁጥር እህቱ «እጅ!» ትላለች፣ እሱም እንደ ተማሪ ይሰበስባል። ለሰው ቀላል ይመስላል። ለመዳፍ ግን በጨለማ ቤት መሥራት ነበር። ሳይዳስስ ምን ያውቃል? መጽዳቱን ማን ይነግረዋል?

«ጸድቷል?» ብሎ ጠርዙን በጨርቁ የወለወለውን ቀለም ቀቢ ጠየቀው።

«ጸድቷል።»

እስከዚያች ቀን ያቺን ጨርቅ አምኗት አያውቅም። ያን ቀን አመናት። ሙጫውን አስኬደ፣ ገጠመ፣ ቆነጠጠ። ቀለሙን ለባልንጀራው ትቶ፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ከጋራዡ ወጣ።

የውድድሩ ቀን ዳገቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። መዳፍ፣ እህቱና ቀለም ቀቢው ከመጨረሻው መታጠፊያ በላይ ቆመዋል። ቢጫዋ መኪና ከታች ስታጓራ ይሰማል፤ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትሰማለች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ሚጢጢ ጠበብ አድርጋ ገባች፤ በጣም ጠበብ አድርጋ። የኋላ ግራ ጎኗ የተደረደሩትን ጎማዎች ጓ አድርጎ መታቸው። እህቱ የመዳፍን ክንድ ጨመደደችው። ጎማዎቹ ተበታተኑ፣ የጎን መስታወቷ ተገንጥሎ በአየር በረረ። ፓራፋንጎው ግን ንቅንቅ አላለም። መኪናዋ ቀጥ ብላ ወጣች፣ ሽቅብ ተተኮሰችና መስመሩን አለፈች።

የሁሉም ሰዓት ሲነገር ከሚጢጢ የፈጠነ አልተገኘም። እናቷ እልልታዋን ስታቀልጠው ያልዞረ ሰው አልነበረም። መዳፍ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ እንባውንም ለመደበቅ አልሞከረም።

ወርደው መኪናዋ ዘንድ ሲደርሱ እህቱ አስቀድማ ፓራፋንጎውን በሁለት እጇ ጨብጣ ነቀነቀችው። መኪናዋ ከነጎማዋ ተወዛወዘች እንጂ እሱ አልተላቀቀም። «ደጄ ክፍት ነው» አለችው ወንድሟን።

መዳፍ ራቅ ብሎ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቆሟል። ቀለም ቀቢው ሄዶ ቀኝ እጁን ከኪሱ መዝዞ አወጣውና ወደ መኪናዋ ጎተተው።

«ንካው» አለው።

«ቀለምህን…»

«ንካው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ።»

መዳፍ ዓይኑን ጨፈነ። መዳፉን ከበሩ ጫፍ አስነስቶ ወደ ኋላ፣ በመጋጠሚያው፣ በጎማዎቹ ጥቁር ምልክት ላይ፣ እስከ ጭራው ድረስ ቀስ አድርጎ አንሸራተተው። ሚጢጢ የራስ ቁሯን እንደታቀፈች ትጠብቃለች። ሦስቱም «እዚህ ጋ» እንደሚል ያውቃሉ። እሱ ግን መዳፉን ሳያነሳ ከጭራው ወደ በሩ ተመለሰ።

«እሺ፣ የት ጋ ነው?» አለ ቀለም ቀቢው።

መዳፍ ዓይኑን ገለጠ።

«የትም ጋ የለም» አለ።