የማይነበበው ምግብ ቤት

ታፔላ መጻፍ ልማር ሥራ የጀመርኩ ቀን አሠሪዬ ጋሼ መንገሻ ብሩሽ አላስያዙኝም። ከጠረጴዛው ሥር ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አውጥተው "ይሄን አንብቢ፣ ቀለሙ ይደርሳል" አሉኝ። መጽሐፉ የሚጀምረው ኤች ከምትባለው ፊደል ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የቀድሞ ባለቤቱ ለውዝ እየጠቀለለበት ጨርሶታል። ስለዚህ መቱ ከተማ ውስጥ የእኛ ቤት የጻፈው ታፔላ ሁሉ እንግሊዝኛው ከኤች ጀምሮ ካሉት ፊደላት ነበር።

በማሽን ማተም ለለመዳችሁ ላስረዳ። ያኔ ላሜራውን እንዳይዝግ አንቲረስት እንቀባለን፣ ሲደርቅ ኖራ የነካ ክር ወጥረን መስመር እናወጣለን፣ ፊደሉን በእርሳስ ነድፈን በጠፍጣፋ ብሩሽ እንሞላለን። ላይ አፋን ኦሮሞ፣ መሐል አማርኛ፣ ታች እንግሊዝኛ። የላይኞቹን ሁለት መስመሮች አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያነባቸዋል፤ አንዲት ፊደል ብትስቱ መሰላላችሁ ሥር ቆሞ ያርማችኋል። የታችኛውን ግን ማንም ልብ አይለውም። ነጋዴው የሚፎካከረው ታዲያ እዚያችው መስመር ላይ ነው። ጎረቤቱ የሌለው ቃል ካልተጻፈለት ያኮርፋል።

የጋሼ መንገሻ መጽሐፍ ደግሞ እንግሊዞቹ ራሳቸው የረሱትን ቃል ሁሉ የያዘ ነው። ክርና ቁልፍ የሚሸጠውን ሀበርዳሸር አልነው። ጨርቅ ነጋዴው መርሰር ሆነ። ባጃጅ ሲያድር የሚጠብቀውን ሰውዬ ኦስትለር ብለን ጻፍንለት፤ በድሮ ጊዜ በእንግዳ ማረፊያ ፈረስ የሚጠብቅ ማለት ነው። በቃሉ ኮርቶ ጃኬቴ ጀርባ ላይም ጻፉልኝ አለ። ጻፍንለት።

ጉዱ የመጣው በአንድ ክሊኒክ ነው። መጽሐፉ ሊች ማለት በጥንት አነጋገር ሐኪም ነው ይላል፣ እኛም እንዳለ ገለበጥን። ባለቤቱ ሲኮራበት ከርሞ፣ ጅማ የሚማር ልጁ ለበዓል መጣና ቃሉ ዛሬ አልቅት ማለት እንደሆነ ነገረው። ሰውየው ታፔላውን ተሸክሞ አምጥቶ ደጃችን ላይ ወረወረው። ጋሼ መንገሻ ፍንክች አላሉም። ድሮ ሐኪሙም የሚያክመው በአልቅት ነበር፣ ምን ልዩነት አለው ብለው ሞገቱት። ወሬው የንግድ ፈቃድ ተቆጣጣሪው አቶ ገመቹ ጆሮ ገባ።

በዚያው ሰሞን እትዬ ዘይነባ መጡ። ወላጆቻቸው ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ ሁሩሙ ገበያ ማር ሲነግዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ያላቸውን ሁሉ አሟጠው ምግብ ቤት ከፍተዋል። ችግሩ ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ቅያስ ውስጥ ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ ያሉት ተሳፋሪውን ጠራርገው ይወስዱታል።

"ልጄ፣ ይሄ ቤት ካልሠራ መመለሻ የለኝም" አሉኝ። "የማር ደንበኞቼን ለእህቴ ሰጥቻለሁ።"

ጋሼ መንገሻ መጽሐፉን ወደ መጨረሻው ገለበጡና ቪክቿለር የሚል አወጡላቸው። ድሮ ምግብና ስንቅ አቅራቢ ማለት ነበር። ከመርዘሙ የተነሳ ከላሜራው ሊወጣብኝ ምንም አልቀረውም።

የቡሬና የሁሩሙ መስመር ሹፌሮች "ኩን ማሊ?"፣ ይሄ ምንድን ነው እያሉ ሊያነቡት ታገሉ። አንዱ ቪክቶሪያ አለ፣ አንዱ ቫልቭ አለ። ሲያቅታቸው ቤቱን "የማይነበበው" አሉት። ከዚያ ወዲያ "የማይነበበው ጋ ጠብቀኝ" የማይል ጠፋ፤ ቤቱ ጢም አለ። የእትዬ ዘይነባ ፊት እንዲያ ሲፈካ አይቼ እኔም ደስ አለኝ።

አቶ ገመቹ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ የአልቅቱ ነገር ግን አንገብግቧቸዋል። ሰው በሚያውቀው እንግሊዝኛ ምግብ ቤት ይባል፣ አለዚያ ይታሸጋል አሉ። እትዬ ዘይነባ አለቀሱ። እኔም ቃሉን በቀለም ደፍኜ ሬስቶራንት ብዬ ጻፍኩ።

ገበያው ቀጥ አለ። ሰው ደጃፋቸው ላይ ቆሞ የማይነበበው የት ነው ብሎ ይጠይቃል። ይኸው ሲባል ቀና ብሎ ያይና "ይሄማ ይነበባል" ብሎ ይሄዳል። እትዬ ዘይነባ ቢምሉም ቢገዘቱም የሚያምናቸው ጠፋ። የሠሩት ወጥ እየተረፈ፣ ቤቱን የሚረከባቸው ሰው ማፈላለግ ጀመሩ።

አንድ ቅዳሜ አቶ ገመቹ ሶር ፏፏቴን ሊያዩ የመጡ አለቆቻቸውን ምሳ ሊጋብዙ እትዬ ዘይነባ ቤት ፍየል አሳረዱ። ለእንግዶቹ ደውለው ምሳ የማይነበበው ጋ ነው፣ ማንንም ጠይቁ አሏቸው። ሰው ሁሉ ወደ ቅያሱ ጠቆማቸው። እንግዶቹ ታፔላውን አንብበው አለፉ፣ ተመልሰው እንደገና አነበቡና አለፉ። ርቧቸው ዋናው መንገድ ላይ ሽሮ በሉ። አቶ ገመቹ ያን ሁሉ ጥብስ ፊታቸው አስቀምጠው ብቻቸውን ሲቀዘቅዝ አዩት።

በማግስቱ ሱቃችን መጡ። ወንበር ብንስብላቸው አልተቀመጡም።

"ያንን ቃል መልሱት" አሉ።

"ደንቡስ?" ብለው ጠየቋቸው ጋሼ መንገሻ።

"ምን ላድርግ ጋሼ? እኔ ራሴ ሌላ ስም አልመጣልኝም።"

ያኑ ዕለት መሰላል ላይ ወጥቼ ጻፍኩት። እትዬ ዘይነባ መሰላሉን ለማንም አላስይዝም ብለው፣ ቀለም ሻሻቸው ላይ እየተንጠባጠበ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ያዙልኝ። ሰኞ የቡሬ ሹፌሮች ተመለሱ። ቤቱን ዛሬ ልጃቸው ታሠራዋለች።

እኔ ብሩሹን ከሰቀልኩ ቆይቻለሁ። በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው፦ የታፔላ ሥራው ሰው ማስገባት ነው። ቢነበብ ጥሩ፤ ባይነበብም ቀጥ ብሎ ይጻፍ።