ጃጁራ የተረፉት ቃላት

ሆሳዕና ከተማ ሳስተምር፣ ለአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ይረዳል ብዬ የሀዲይኛ ቃላትን ከነአማርኛ ፍቺያቸው ሦስት ዓመት ሰበሰብኩ። ሁሉንም የምጽፈው መምህራን ማረፊያ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስከፍተው የፋይሎቹ ስም በሙሉ ተለዋውጦ ጠበቀኝ። ስክሪኑ መሀል በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት አለ፤ ፋይሎቻችሁን ቆልፈናል፣ ቁልፉን ከፈለጋችሁ ክፈሉ ይላል። መክፈያው ደግሞ ቢትኮይን የሚባል፣ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው። ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ የእንግሊዝኛ መምህሩን ጠርቼ አስነበብኩት። እሱም የተረዳው እንደኔው ነው።

ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ወደ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ሲታገለው ዋለ።

«ቫይረሱን አጥፍቼዋለሁ» አለኝ በመጨረሻ።

«ተባረክ። ፋይሎቹስ?»

«ችግሩ እሱ ነው። ሌባው ወጥቷል፤ የቆለፈበትን ቁልፍ ግን ይዞት ሄዷል። ብትከፍያቸውም መክፈታቸውን እንጃ።»

ቅጂውን የያዝኩበት ፍላሼም ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ ስለከረመ አብሮ ተቆልፏል።

ቅዳሜ ጃጁራ ሄድኩ። ቃላቱን የሚያርሙልኝ ጡረታ የወጡ መምህር የሚኖሩት እዚያ ነው። ከእንግዲህ አይድከሙ ልላቸው ነበር። የሆነውን ስነግራቸው ነርስ የሆነችውን ልጃቸውን ከጓዳ ተጣሩ።

«ያ ማታ ማታ የምታነቢልኝ የቃላት ጽሑፍ የሷ አይደለም እንዴ?»

«የሷ ነው አባዬ» አለቻቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ለፋሲካ ስትመጪ ከፍላሽሽ ላይ ላፕቶፔ ላይ ገልብጬው ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ እዚያ ላይ እያየሁ ነው የማነብላቸው።»

ላፕቶፑን አምጥታ ከፈተችው። ቃላቶቼ በተራ በተራቸው ተቀምጠዋል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለመገልበጥ ቸኩዬ ፍላሼን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«እሱንማ አትሰኪ» ብላ እጄን ያዘችኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። ሲዲ ፈልጋ ገለበጠችልኝ።

ከፋሲካ ወዲህ የጨመርኳቸው ግን አልነበሩም። ከሰዓቱን ሙሉ አባትየው የሚያስታውሱትን እየነገሩኝ ደብተር ላይ ስጽፍ ዋልኩ። ጥቂቶቹ ለሁለታችንም ትዝ ሳይሉን ቀሩ፤ እንደማገኛቸው ተስፋ ስለነበረኝ ብዙም አልከፋኝም። ወደ ሆሳዕና ስመለስ ሚኒባሱ ገና ከከተማው ሳይወጣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሳምንቱን እንዲያ ተኝቼ አላውቅም።