ቀመሪያና ሰው ያልሞተበት ድንኳን

የሁለት ሺህ ሰባት ክረምት ዝናብ ተንኮለኛ ነበር። በሬዲዮ ዘንድሮ ዝናብ አጠረ ይላሉ፤ እኛ ጌጃ ሰፈር ግን ልብስ አጥበን እስክናሰጣ ጠብቆ ነው የሚወርድብን። ጠዋት ፀሐይ፣ ምሳ ላይ በረዶ። የልደታው ባቡር ተሠርቶ አልቆ ገና ሰው መጫን አልጀመረም ነበርና ባዶውን ከበላያችን ይመላለሳል። «ይኼ ደግሞ ማንንም ሳይዝ የት ነው የሚሄደው?» ስላቸው ልጆቹ «እየተለማመደ ነው እኮ፣ እማማ» ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር። የእርጥብ አፈር ሽታ፣ የበቆሎ እሸት ጥብስ፣ ከልደታ ማርያም የሚሰማው የፍልሰታ ቅዳሴ፣ ከዚያ ደግሞ ከገዛ ግቢዬ ዝዝዝ የሚል የትንሽ ሞተር ድምፅ። ዛሬም ክረምት ሲገባ ጆሮዬ የሚፈልገው ያንን ድምፅ ነው።

ድምፁ የቀመሪያ ሰንጋ ድምፅ ነው። ቀመሪያ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊው የአቶ በከር ልጅ ናት። አባቷ በወጣትነታቸው ከኮምቦልቻ መጥተው እዚሁ ሰፈራችን የስፌት መኪናቸውን ተከሉ፣ እዚሁ ተጋቡ፣ እዚሁ ወለዱ። ልጅቷ ከአጥሬ ወዲያ ተወልዳ ከአጥሬ ወዲህ ያደገች ናት ብል ይቀላል። ቀጭን፣ ግራኝ፣ ስትናገር ድምጿ የማይሰማ። ገና ጥርሷን ሳትጨርስ የባለቤቴን ሬዲዮ ፈታታችው። መልሳ ስትገጥመው አንዲት ብሎን ተረፈቻት። ሬዲዮው እንደ ድሮው ይጮኻል፣ ያቺ ብሎን ግን ልጅቷን እረፍት ነሳቻት። ስንት ጊዜ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስገብታ፣ «እማማ ወይኔ፣ ሬዲዮው ዛሬም ደህና ነው?» ብላኛለች!

ወይኔ ማለት እኔ ነኝ። ስሜ ወይንሀረግ ነው፤ ሰፈሩ አሳጥሮ ወይኔ አለኝ። ከዚህ ስም ጋር መኖር ቀላል አይምሰላችሁ። አላፊ አግዳሚው እግሩን ድንጋይ መትቶት «ወይኔ!» ባለ ቁጥር እኔ ከቤት ውስጥ «አቤት!» እላለሁ። ለምዶብኛል፣ አፌ አይጠብቀኝም።

ቀመሪያ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ሮቦት የሚሠራ ክበብ ገባች። እኔ ሮቦት ሲባል እጅና እግር ያለው የብረት ሰው መስሎኝ ነበር። የእነሱ ግን የከሰል ምድጃ ቢያህል ነው፤ አራት ጎማ አለው፣ ከፊቱ ደግሞ ሁለት ቀንድ የመሰለ ማንሻ። በቀንዱ ኳስ ከመሬት ያነሣና ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ለቀንዱም ለጎረቤታችን ለሰንጋ ተራ ሰፈርም ሲሉ «ሰንጋው» አሉት። ብረቱንና ሽቦውን የሚገጥመው ማኑ የሚባል አፈኛ ልጅ ነው። ናዝሬት የምትባለዋ ባለመነጽር ደግሞ ሰንጋው የሚታዘዝበትን ቋንቋ በላፕቶፕ ትጽፋለች። ቀመሪያ መቆጣጠሪያውን በእጇ ይዛ ትነዳዋለች።

ሚያዝያ ላይ ዋናው የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበር። አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል። ቀመሪያ ሰንጋውን እየነዳች ኳሱ ጋ ልታደርስ ስትል ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ ይኼን ሰንጋ ቄራ ውሰጂው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷ እጇ ደረቀ። ሰንጋው ሜዳው መሀል እንደቆመ ሰዓቱ አለቀ። ብልሽት ቢሆን ኖሮ ማኑ ይጠግነው ነበር። ሰንጋው ግን ደህና ነው፤ ሰው ሲያያትና ሲጮህ የቀመሪያ ጣት ነው አልታዘዝ የሚለው።

በኋላ ርዕሰ መምህሩ ሦስቱንም ጠርተው፣ «ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ የክረምት ውድድር አለ። እዚያም እንዲሁ ከቆማችሁ የክበቡን ክፍል ለትርፍ ወንበር ማስቀመጫ አደርገዋለሁ» አሏቸው። ቀመሪያ ይህን ስትነግረኝ ደጄ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«ክፍሉ ከተወሰደ የማኑም የናዝሬትም ልፋት አለቀለት፣ እማማ። በእኔ እጅ ምክንያት! ሌላ ሰው ይንዳው ስላቸው እምቢ አሉኝ።»

«ለምን እምቢ አሉ?»

ማኑ ከኋላዋ ብቅ አለና፣ «እኔ ስነዳው ግድግዳ ይወጋል» አለ። «ናዝሬት ስትነዳው ደግሞ እኔን ይወጋል።»

ትምህርት ቤቱ በክረምት ቀለም ሊቀባ ተዘግቷል። እኔ ዘንድ ግን ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያሠራው ሰፊ ሊሾ ግቢ አለ። እዚያ ተለማመዱ አልኳቸው። ፍልሰታ ስለነበር ምግቤም ለሁሉ የሚሆን ነው፤ በቆሎ ቅቅል፣ ሽሮ፣ ቆሎ። ያስቸገረን ያ ተንኮለኛ ዝናብ ብቻ ነበር። ሊያካፋ ሲል ሰንጋውን እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ ኩሽናዬ ይሮጣሉ። ሽቦው ውሃ ከነካው አለቀለት አሉኝ። አንድ ኳስ ሳያነሡ የሚመሽበት ቀን በዛ።

የዕድራችን ዕቃ የሚቀመጠው በእኔ ዕቃ ቤት ነው፤ ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ድስቱም። ድንኳኑን አየሁት። ልጆቹንም አየኋቸው። ከዚያ ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ አቶ ሸዋንግዛው ሄድኩ።

«ድንኳን ያለ ለቅሶ አይወጣም» አሉኝ። «ደንብ ነው፣ ወይኔ። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«ባለፈው ለቅሶ ድንኳኑ ያፈሳል ተብሎ ስንቱ አጉረመረመ? የሚያፈስበት ቦታ በምን ይታወቃል? በዝናብ አይደለም ወይ? ተክለን እንየው እንጂ።»

ጢማቸውን ሲደባብሱ ቆዩና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ» አሉ።

እሑድ ጠዋት ተከልነው። ሊሾውን በሙሉ ሸፈነው፣ ጫፉ ከአጥሩ በላይ ይታያል። ልጆቹ አግዳሚዎቹን ዳር ዳር ደርድረው መሀሉን ሜዳ አደረጉት። ደስ አላቸው። እኔም ኩሽና ገብቼ በቆሎዬን ጣድኩ።

አሁን ደሚቱ የምትባል ጓደኛዬን ላስተዋውቃችሁ። ከልጅነት ጀምሮ አብረን ነን። ቤቷ ፈርሶ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ብቻ ነው በእኛ በኩል የምታልፈው። ያን ዕለትም ስታልፍ ድንኳኑን አየችው። እኔ ብቻዬን የምኖር አሮጊት ነኝ። በእኔ ግቢ ድንኳን ከተተከለ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ምን ያስፈልጋል? ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ደረቷን እየደቃች ገባች።

«ወይኔ! ወይኔ! ወይኔ!»

እኔ ማን ነው እንዲህ አጥብቆ የሚጠራኝ ብዬ ከኩሽና ውስጥ፣ «አቤት! መጣሁ፣ መጣሁ!» አልኩ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ጭልፋዬን እንደያዝኩ ብቅ ስል ደሚቱ ዓይኗ ፈጦ ቆማለች። ሰንጋው ደግሞ ኳስ በቀንዱ ይዞ፣ ዝዝዝ እያለ ወደ እግሯ እየመጣ ነው።

«በስመ አብ ወወልድ! ይኼ ምንድን ነው? አንቺስ ምንድን ነሽ?»

«ምን ሆንሽ፣ ደሚቱ?»

«አልሞትሽም እንዴ?»

«እኔ እንጃ፤ የነገረኝ ሰው የለም።»

«እንባዬን መልሺልኝ!» ብላ ነጠላዋን ወረወረችብኝ። ከዚያ አቅፋኝ እንደገና አለቀሰች።

ታዲያ የደሚቱን ጩኸት ሰፈሩ ሰምቶ ኖሯል። ነጠላ ያዘቀዘቀ፣ ጋቢ የደረበ ሁሉ ይጎርፍ ጀመር። «ምነው ጥሩምባ ሳይነፋ?» ይላል አንዱ። «ትናንት በእግሯ አይቻት አልነበር?» ይላል ሌላው። አቶ በከር ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ እየሮጡ መጥተው በሕይወት ሲያዩኝ የሸሚዜን እጅጌ ማስተካከል ጀመሩ። በመጨረሻ አቶ ሸዋንግዛው ደረሱ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ማን ሞቶ ነው ድንኳን ያወጡት?»

«ማንም አልሞተም። ፍተሻ ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«የምን ፍተሻ? ሞተን እንደሆን ነው የሚፈተሸው?»

ይኼኔ ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። ወትሮም ድንኳን የገባ ሰው ጥቂት ሳይቀመጥ አይወጣም፤ ነውር ነው። ሁሉም አግዳሚው ላይ ቁጭ ቁጭ አለ። ቀመሪያ ግን ሰንጋውን አቅፋ በድንኳኑ ጀርባ ሹልክ ልትል ስትል አየኋት።

«የት ነው? እንግዳ ተቀምጦ!»

«እማማ፣ ሰው በዛ። አልችልም።»

«እኔን ሊቀብሩኝ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ አንቺን ምን ያደርጉሻል?»

ማኑ ከመሬት ተነሥቶ፣ «እመቤቶችና ጌቶች፣ ከሰንጋ ተራ የመጣ የመጨረሻው ሰንጋ!» ብሎ አወጀ። መመለሻ የለም። ልጅቷ መቆጣጠሪያውን ያዘች። ሰንጋው ተንቀጥቅጦ ተነሣ። ሰፈርተኛው ለቅሶ ቀርቶበት አፉ ሥራ ፈትቷልና ማን ይቻለው?

«ኧረ ይኼ ሰንጋ ከስቷል! ጭድ አትሰጡትም?»

«ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል ወይ?»

«ስንት ሆነን ነው ቅርጫ የምንገባው? እኔ ጎማውን!»

አየኋት፤ ጣቷ መድረቅ ጀመረ። ኳሱ ከቀንዱ አመለጠ። ቀመሪያ ሳታስበው፣ «ወይኔ!» አለች።

እኔም ሳላስበው፣ «አቤት!» አልኩ።

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ደሚቱ፣ «እኔንም እንዲሁ ነው ያዋረደችኝ!» እያለች ጉልበቷን ትመታለች። ቀመሪያ አየችኝ፤ ከዚያ እሷም ሳቀች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። እየሳቀች ሰንጋውን አዞረችው፣ እየሳቀች ኳሱን አነሣችው፣ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው። ሴቶቹ እልል አሉ። ናዝሬት መነጽሯን አውልቃ ታብሳለች።

ማምሻውን ድንኳኑ ይነቀል ስንል አቶ ሸዋንግዛው፣ «ድንኳን አንዴ ከተተከለ ሦስት ቀን ነው። ደንብ ደንብ ነው!» አሉና እሳቸው ራሳቸው በማግሥቱ ቀድመው መጥተው ተቀመጡ። የሚያፈስበትም ቦታ ተገኘ፤ ከእሳቸው መቀመጫ በላይ። ማክሰኞ ደሚቱ እሸት በዘንቢል ይዛ፣ «ሠልስትሽን ላወጣ መጣሁ» ብላ ገባች። ያን ቀን ቀመሪያ በተሳሳተች ቁጥር «ወይኔ» ትላለች፣ ድንኳኑ በሙሉ «አቤት!» ይላል። ሰው ሲጮህ ኳስ ማንሣት ለመደች። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ስሞት ምን ያህል ሰው እንደሚመጣልኝ አየሁ። ስንቱ ሳያየው ይቀራል!

ውድድሩ የተካሄደው ሰንጋ ተራ አጠገብ ካሉት አዳራሾች በአንዱ ነው። እኛም ሄድን፤ እኔ፣ ደሚቱ፣ አቶ በከር፣ አቶ ሸዋንግዛው ከነከዘራቸው። ርዕሰ መምህሩ ከፊት ተቀምጠዋል። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡት ልጆች ሮቦት ጎማው ያበራል፤ ሰንጋው እዚያ አጠገብ የእርሻ በሬ ይመስላል።

ቀመሪያ በደህና ጀመረች። ሁለት ኳስ ጣለች። ሦስተኛው ኳስ ግን ተንሸራቶ ከጎማው ሥር ተሰነቀረ። ሰንጋው ቆመ። ከኋላ አንዱ አፏጨ፤ ሌላው «ደከመው!» አለ። ትከሻዋ ሲደርቅ ከሩቅ ታየኝ። ማኑ ዓይኑን ጨፈነ። በዚያ ሁሉ ሁካታ መሀል አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤

«ወይኔ…»

መቼም ስሜ ነው። «አቤት!» ብዬ ብድግ አልኩ።

ዳኞቹ ዞረው አዩኝ። ደሚቱ ልታስቀምጠኝ ቀሚሴን ያዘች፣ ወዲያው ሐሳቧን ለወጠችና እሷም ተነሥታ «አቤት!» አለች። አቶ ሸዋንግዛው ከዘራቸውን መሬት መትተው፣ «አቤት!» ቀመሪያ ጎንበስ አለች። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር። በግራ እጇ ሰንጋውን ወደ ኋላ ወሰደችው፤ ኳሱ ተፈናጥሮ ወጣ። ዞረችበት፣ በቀንዱ አነሣችው፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ቅርጫቱ ውስጥ ወረደ።

አንደኛ አልወጡም። ጎማው የሚያበራው አንደኛ ወጣ። እነሱ ሦስተኛ ሆኑ። ርዕሰ መምህሩ አጨብጭበው ሲያበቁ ወደ እኔ መጥተው፣ «እናቴ፣ ምን ፈልገው ነበር አቤት ያሉት?» አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? መስከረም ላይ የክፍሉን ቁልፍ ለቀመሪያ ሰጧት። ትርፍ ወንበሮቹ በረንዳ ላይ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆነ። ባቡሩ ሰው ጫነ። ማኑ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ኮንዶሚኒየም ገባ፤ እኔም ሊሾውን ትቼ ወጣሁ፣ አቶ በከርም የስፌት መኪናቸውን ይዘው ጀሞ ሄዱ። ቀመሪያ ቴክኒክና ሙያ ተምራ ጨረሰች። ስትመረቅ በትንሽ ፌስታል አንድ ነገር አምጥታ በእጄ አስቀመጠችልኝ። የሬዲዮው ብሎን ናት። «ቦታዋን አገኘሁት፣ እማማ» አለችኝ። ሬዲዮው ግን ቤት ስንለቅ ጠፍቷል። ብሎኗን ከመቁጠሪያዬ ጋር አድርጌያታለሁ።

በመጨረሻ የደወለችልኝ ባለፈው የካቲት ነው። ያለችው ኮምቦልቻ ነው፤ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጥገና ትሠራለች፣ የምትኖረውም ከአክስቷ ከፋይዛ ቤት ነው። ማሽኑ እምቢ ሲላት ዛሬም «ወይኔ» እንደምትል ነገረችኝ፤ እኔም በስልኩ «አቤት!» አልኳት።