በላቸውና የፈረንጅ መለያ ቃላት

በረሃቡ ዘመን በላቸው የወተት ጥርሱን ገና ያልነቀለ ልጅ ነበር። እናቱ ከአዲ አርቃይ በታች ካለው ቆላ እጁን ይዛ ወደ እርዳታ መጠለያ ወሰደችው። አንድ ፈረንጅ ክንዱን በጥብጣብ ለካና አንድ ቃል ተናገረ። ወዲያው ልጁን ወደ ግራ፣ እናቱን ወደ ቀኝ አደረጓቸው። ምን እንደተባለ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። በላቸው የፈረንጁን እጅ ነከሰ። እናቱ ግን ከወዲያ የሚፈላውን ወተት አይታ ኖሮ፣ "ሂድ ወዲያ! ወተቱ ካለበት ሂድ!" ብላ ገፈተረችው።

እሱ ወተቱን ጠጥቶ ዳነ፤ እሷ ክረምቱ ሳይገባ በተስቦ ሞተች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ያ ቃል እናቱን ለሞት የመደበ ፍርድ ይመስለው ነበር።

ጎንደር ገብቶ ድንጋይ ተሸከመ፤ ጉልበቱ ሲደክም ሆስፒታል ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ፊደል የቆጠረው ጢሙ ከሸበተ በኋላ ነው። የድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆሞ ሲውል ሐኪሞቹ ነገር የሚለዩባቸው ቃላት ጆሮው ውስጥ ይቀሩ ነበር። ደም "ግሩፕ" አለው። የስኳር በሽታ "ታይፕ" አለው። ካንሰር "ስቴጅ" ይባልለታል። በሽተኛ ደግሞ ገና ከመድረሱ "ካታጎሪ" ይሰጠዋል። እኛ የጤፉንም የበሬውንም የሰው ጠባዩንም "ዓይነት" ብለን እንገላገላለን፤ እነሱ ለእያንዳንዱ ቃል አበጅተውለታል።

ነርሷ ብርቱካን ሥራ ሲቀልላት አንድ በአንድ ታስረዳው ነበር። ግሩፕ ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣ ነው፤ እስኪሞት አይለወጥም። ስቴጅ ያው አንዱ በሽታ የደረሰበት እርከን ነው። "ካታጎሪውስ?" አላት አንድ ቀን። "እሱ የሰውየው ተራ ነው፣ አያ በላቸው። ሕመሙ ሲብስም ሲሻልም ይለወጣል።" የድሮውን መጠለያ ነገር የነገራትም ያን ቀን ነው። እናቱን የወሰዱበት ረድፍ ስንዴ የሚሰፈርበት የአዋቂዎች ረድፍ ሳይሆን እንደማይቀር፣ የገደላትም የመጠለያው ተስቦ እንጂ የሰው ፍርድ እንዳልሆነ እሷ ስታስረዳው ያኔ ገባው። ወደ በሩ ተመለሰ።

ዘንድሮ በጥቅምት አለነ የሚባል ጎልማሳ ከአይከል በኩል አባቱን ዋኘውን በቃሬዛ ይዞ መጣ። የሽማግሌው ሆድ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ብርቱካን መርምራ ቢጫ ማሰሪያ እጁ ላይ አሰረችለትና፣ "ሐኪሙ ይጠራችኋል፤ ከዚህ አትሂዱ" ብላቸው ገባች። አለነ ማሰሪያውን አየ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ቃሬዛውን ከዘመዶቹ ጋር ብድግ አድርጎ ወደ በሩ ዞረ።

በላቸው እግሩ አብጦ ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ "ምነው? ወዴት ነው?" አለ።

"ወደ አገራችን። የወፍ በሽታ ነው ብለው ቢጫ አሰሩለት። የወፍ በሽታ ያለበት ሰው መርፌ ከተወጋ አለቀለት፤ እኔ አባቴን አላስገድልም። መድኃኒት አዋቂ እኛም አለን።"

"ኧረ ካታጎሪ ነው!"

"እሱ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው? አንዱ አነሰና ሁለተኛ ጨመራችሁበት?"

በላቸው ደከመው። በየሳምንቱ ይኸው ነው፤ ቃሉን ያውቀዋል፣ ቃሉ ግን ብቻውን ሰው አይመልስም። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ ቃሬዛው ጎንበስ አለ።

"አንተ ልጅ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ይዘህ ሳለ ለቅሶ ያለበት ሰው እህል ይዞ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?"

"አስቀድመዋለሁ እንጂ። አረመኔ ነኝ?"

"እዚህም እንደዚያው ነው። ነፍሱ ልትወጣ የደረሰችውን ቀይ ያስሩለትና ያስቀድሙታል። አባትህ ከእሱ ቀጥሎ ነው፤ ቢጫው የተራው ቀለም ነው። የወፍ በሽታ ዓይን ላይ አይታይም ወይ? ግለጥና እየው።"

አለነ የአባቱን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቱ ገለጠ። ነጭ ነው። ሌላኛውንም ገለጠ።

"አንተ፣ ዓይኔን ልታወልቀው ነው?" አለ ዋኘው ከቃሬዛው ላይ። "አስቀምጠኝ። ያንን መንገድ ዳግመኛ አልችለውም።"

አስቀመጡት። ሐኪሙ ብዙም ሳይቆይ ጠራው። አንጀቱ ተቋጥሮ ነበር፤ የዚያኑ ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ወደ አይከል ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ቃሬዛው የሬሳ ይሆን ነበር። አለነ ሲወጣ የበላቸውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ በላቸው ግን፣ "ተወው፣ ጉልበቴ ያመኛል" ብሎ ገፋው።

ብርቱካን ተረኛነቷን ጨርሳ ስትወጣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

"አያ በላቸው፣ ዛሬ ሸጋ ሠሩ። ምነው ታዲያ እንዲህ ፊትዎ ጠቆረ?"

"ደክሞኛል፣ ልጄ። ነገ ደግሞ ሌላው ቃሬዛውን ብድግ ያደርጋል።" ያበጠ እግሩን አሸት አደረገ። "ሰው መለየቱ አይቀርም፤ ሥራው ነውና ይለዩት። እናቴም ያኔ ቢነግሩኝ ከሞት አትድንም ነበር። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት ያን ፈረንጅ ስረግም ባልኖርኩ። በዕድሜዬ ካየሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይኸ ነው፤ ሰው ለምን እዚያ ረድፍ እንደቆመ ጎንበስ ብሎ በገዛ ቋንቋው የሚነግረው አንድ ሰው ማግኘቱ።"