ሁለተኛው ብርቱካን

የልጅ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ብርቱካን ስትልጥ፣ ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ይሄ ሽታ ዛሬም መቀመጫ ያሳጣኛል።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ሰበታ። አባቴ የአንድ ፈረንጅ አትክልተኛ ነበር። ፈረንጁ ለእረፍት አገሩ ሲሄድ ማካው የሚባለውን ትልቅ ሰማያዊ በቀቀኑን እኛ ቤት አስቀመጠው። አባቴም «ሱፍ ብቻ ከበላ ይታመማል አሉ፤ ጎመን፣ ካሮትና ፍራፍሬ ቀላቅለሽ ስጪው» ብሎ አደራውን ለኔ ሰጠኝ። ማለዳ የፈረንጁን ጓሮ ውሃ አጠጥቶ ሲመለስ ለወፉ የተፈቀደውን አንድ ብርቱካን ከዚያው ያመጣል። ለራሱ ግን ከዚያ ጓሮ ቅጠል አይነካም።

ጣፋጭ ጣፋጩን እኔ በላሁ፤ ለወፉ ሱፍ በተንኩለት። ማታ አባቴ በኦሮምኛ «ኛቴ?» ይለኛል፤ በልቷል ወይ ማለቱ ነው። «በልቷል» እላለሁ።

ሳምንታት እንዳለፉ ወፉ የደረቱን ላባ ይነጭ ጀመር። በሽቦ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል እኔም ደጃፉ ላይ እንቆራጠጣለሁ። አባቴ «ጌታውን ናፍቆ ነው፤ ቢሞትብኝ ምን እላለሁ?» እያለ እህል አልወርድለት አለ።

አንድ ማታ እጁን ሳስታጥበው ጣቶቼን ያዘና አሸተታቸው።

በማግስቱ ሁለት ብርቱካን ይዞ መጣ።

«ይሄ የሱ፣ ይሄ ያንቺ» አለኝ። ከዚያ ፊቱን አዞረ። «ከዛሬ ጀምሮ ሌባው እኔ ልሁን።»

ወፉ ላባ አበቀለ። እኔ ድርሻዬን ሳልልጠው ይዤው ዋልኩ። የአባቴ ነገር የገባኝ ራሴ ወልጄ ነው።

«እንኪ፣ እማማ» ብላ ልጅቷ ግማሹን ዘረጋችልኝ። ተቀብያታለሁ፤ ግን እስካሁን አልተቀመጥኩም።